ለአይጥ «ስጦታ»፣ ለአይጥ «መድኃኒት»

ኑሮውን በስዊድን የጀመረና የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመደ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ቢያጋጥሙት የሚገርም አይሆንም። አንደኛው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ቅጽ ነው። የጋብቻ ሁኔታን በሚጠይቀው መስመር ላይ በአራት የላቲን ፊደላት የተጻፈ ቃል ይታያል፤ በእንግሊዝኛ የተማረ ዓይን «ጊፍት» ብሎ ያነበዋል፣ ስጦታ ማለትም ይመስለዋል። ሁለተኛው ጽሑፍ በሚኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ በተቀመጠ ትንሽ ሣጥን ላይ ተለጥፏል። እዚያም ያው ባለ አራት ፊደል ቃል «አይጥ» ከሚለው የስዊድን ቃል ጋር ተጋጥሞ ተጽፏል። በቅጹ ላይ ቃሉ «ባለትዳር» ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ «መርዝ» ማለት ነው። ስጦታ ማለት ግን በሁለቱም ቦታ አይደለም።

በመልክ አንድ፣ በፍቺ የተለያዩ እንዲህ ያሉ ቃላት በቋንቋ ማስተማሪያ መጻሕፍት ዘንድ «ሐሰተኛ ወዳጆች» የሚል ስም አላቸው። መምህሩ ነገሩን እንደ ጨዋታ ያነሣዋል፤ ተማሪዎች ይስቃሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ትዳርና መርዝ በአንድ ቃል መጠራታቸውን አስመልክቶ የራሱን ቀልድ ይጨምርበታል፤ ትምህርቱም ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል። ቀልዱ ምንም ክፋት የለበትም። ጉድለቱ ነገሩ የአጋጣሚ ጉዳይ መስሎ መቅረቱ ነው። አጋጣሚ አይደለም። ሰዎች አንድን አስፈሪ ነገር በስሙ መጥራት ሲከብዳቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ የተዋሱት የጨዋ ቃልም ውሎ አድሮ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ ነው። የአማርኛ ተናጋሪም በዚህ ታሪክ ከሩቅ ሆኖ ሊስቅ አይችልም፤ ምክንያቱም እርሱ ራሱ በገዛ ቋንቋው ያንኑ ሲያደርግ ይውላል።

ቃሉ የሚነገርባቸው ቋንቋዎች ጀርማናዊ በመባል የሚታወቀው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስሙ የጀርመንን አገር ቢያስታውስም ቤተሰቡ እንግሊዝኛን፣ ጀርመንኛን፣ የሆላንዶችን ደች፣ ስዊድንኛን፣ ዴንማርክኛን፣ ኖርዌይኛንና አይስላንድኛን ያቅፋል። የላቲን ፊደል በእነዚህ ቋንቋዎች መካከል ያለውን የድምፅ ልዩነት ይሸፍነዋል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ያወጣዋል። እንግሊዛዊውና ጀርመናዊው «ጊፍት» ይላሉ፤ ስዊድናዊውና ኖርዌያዊው «ዪፍት»፤ ሆላንዳዊው ደግሞ ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፅ «ኺፍት» ይላል። ፍቺውም እንደዚሁ ይለያያል። ለእንግሊዛዊው ስጦታ ነው። ለጀርመናዊው መርዝ ብቻ ነው። ለስዊድናዊው፣ ለኖርዌያዊውና ለዴንማርካዊው መርዝም ባለትዳርም ነው። ሆላንዳዊው ዘንድ ልገሳ ሲሆን፣ የመጨረሻዋን ድምፅ ጥሎ «ኺፍ» ሲለው መርዝ ይሆናል። አይስላንዳዊው ግን ባገባች ሴት ላይ እንጂ በመርዝ ላይ አይጠቀምበትም።

የዚህ ሁሉ ምንጭ አንድ ግሥ ነው፤ «ሰጠ»። አማርኛ «ሰጠ» ከሚለው «ስጦታ»ን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ጥንታዊው የጀርማናዊ ቋንቋዎች እናትም በግሡ ሥር ላይ አንዲት «ት» ጨምሮ የድርጊቱን ስም ያወጣ ነበር። በእንግሊዝኛ መንዳት ማለት የሆነው «ድራይቭ» በጅረት ወይም በነፋስ መነዳት ማለት የሆነውን «ድሪፍት»ን፣ በጀርመንኛ መጻፍ ማለት የሆነው «ሽራይበን» ጽሑፍ ማለት የሆነውን «ሽሪፍት»ን የወለደው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ በመነሻው «ጊፍት» ማለት «መስጠት» ወይም «የተሰጠ ነገር» ማለት ነበር፤ ምን እንደተሰጠና ለማን እንደተሰጠ ግን ቃሉ አይናገርም። የኋላው ታሪክ ሁሉ የተከፈተው በዚህች ክፍት ቦታ ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በተረቶቻቸው ይበልጥ የሚታወቁት ወንድማማቾች ታላቁ ያኮብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፣ የጀርማናዊ ቋንቋዎች ተነባቢ ድምፆች ከላቲንና ከግሪክ ድምፆች ጋር በሥርዓት እንደሚተካኩ አሳይቷል። በዚህ ሕግ የላቲን «ሀ» በጀርማናዊዎቹ ዘንድ «ገ» ሆኖ ይገኛል። በላቲን «ሆስቲስ» ጠላት ሲሆን፣ የእርሱ ወንድም በእንግሊዝኛ «ገስት»፣ ማለትም እንግዳ ነው። በዚሁ ስሌት በላቲን «ያዘ፣ አለው» የሚለው «ሀቤሬ» መልኩና ፍቺው ወደሚመሳሰለው የእንግሊዝኛ «ሃቭ» ሳይሆን ወደ «ጊቭ»፣ ወደ «ሰጠ» ይመራል። መያዝና መስጠት ከአንድ ሥር ወጡ ማለት ነው፤ የያዘ እጅና የሰጠ እጅ አንድ እጅ መሆኑን ለሚያስብ ሰው ይህ ያን ያህል እንግዳ አይሆንም። በዚህ የቋንቋ ጥናት ዘርፍ መልክ አያዋጣም፤ የሚመስለው ይርቃል፣ የማይመስለው ይቀርባል። መሐንዲስ ቀመርን እንደሚያምን፣ የቃላት ታሪክ አጥኚም ከመልክ ይልቅ ሕጉን ያምናል።

ቃሉ መጀመሪያ የገባበት ጎዳና የጋብቻ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ዉልፊላ ወደ ጎቲክ በተረጎመው ወንጌል፣ ማርያም ለዮሴፍ መታጨቷ የተገለጸው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛም ቃሉ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የልደት ቀን ስጦታን አልነበረም፤ ለሙሽሪት የሚከፈለውን ዋጋ ነበር፤ በብዙ ቁጥር ሲነገር ደግሞ ሠርግ ማለት ነበር። ያን ጊዜ እንግሊዛዊውም እንደ ዛሬው ስዊድናዊ «ዪፍት» ይል ነበር። ጠንካራዋን «ጊ» ያስገቡት ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ባሕርተኞች፣ ቫይኪንጎቹ ናቸው። ዛሬ የዓለም ሕዝብ በገና ዋዜማ በወርቃማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሰጠው ነገር ስሙን ያገኘው እንግዲህ ከወራሪዎች አፍ ነው።

የስካንዲኔቪያ ሰዎች «ያገባ» ሲሉ ቃል በቃል «የተሰጠ» እያሉ ነው። አባት ሴት ልጁን ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ የተሰጠችው «ዪፍት» ትሆናለች፤ ቆይቶም ቃሉ ወንዱንም ጨመረ። ጀርመንኛ ይህን ፍቺ ቢጥለውም አንድ ቅሪት ትቷል፤ ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ይዛ የምትመጣው ሀብት ዛሬም «ሚትጊፍት» ይባላል፣ «አብሮ የሚሰጥ» ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪን የሚያስገርም ነገር የለም። በኢትዮጵያም ሽማግሌ የሚላከው «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን» ለማለት ነው፤ አባትም «ሰጥቻለሁ» ይላል። ጥሎሽም ማጫም ከዚሁ መስጠት ጋር የሚሄዱ ናቸው። በስቶክሆልም ቅጽ ላይ ያለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ የሆነው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚያነበው ብቻ ነው፤ በአማርኛ በኩል ቢያነበው ኖሮ ወዲያው ይገባው ነበር።

መርዝስ ከዚህ ቤት እንዴት ገባ? መልሱ የሚገኘው በሐኪም ቤት ነው። ግሪኮች ሐኪም ለሕመምተኛ የሚሰጠውን መጠን «ዶሲስ» ይሉት ነበር፤ እርሱም «ሰጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ «መስጠት» ማለት የሆነ ቃል ነው። በላቲን በኩል ወደ አውሮፓ ሕክምና ገባ፤ ዛሬ አማርኛም «አንድ ዶዝ ክትባት» ሲል ያንኑ የግሪክ ቃል ይጠቀማል። ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ወደ ራሳቸው ሲመልሱት «መስጠት» የሚል የራሳቸው ቃል ስለነበራቸው «ጊፍት» አሉት። እስከዚህ ድረስ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ነገር ግን የሚሰጠው መጠን አንዳንድ ጊዜ የሚገድል ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም የሚሰጠው ሰው መግደልን ፈልጎ ነበር። «መርዝ አጠጡት» ማለት ክስ ነው፤ ቃሉን የተናገረ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። «የሆነ ነገር ሰጡት» ማለት ግን ከማንም ጋር አያጣላም። የጨዋው አነጋገር እያየለ ሄደ፤ «የሚሰጥ ነገር» የሚለው ሽፋን ከመርዙ ጋር ተጣበቀ፤ በመጨረሻም ሽፋኑ ራሱ መርዝ ሆነ። በአሁኑ ጀርመንኛ «ጊፍት» የሚለውን ሰምቶ ስጦታን የሚያስብ የለም። ስካንዲኔቪያውያን ይህን ፍቺ የወሰዱት በመካከለኛው ዘመን፣ የሉቤክና የሌሎች የሰሜን ጀርመን ከተሞች ነጋዴዎች በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ሲነግዱ ከእነርሱ ቋንቋ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠርጉ ቃልና የመርዙ ቃል በአንድ ፊደል እየተጻፉ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሳይጠራ ማለፍ አይቻልም። ፓራሴልሰስ በሚል ስም የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1493 በስዊዘርላንድ የተወለደው ሐኪም፣ በ1538 በጀርመንኛ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ሁሉም ነገር መርዝ እንደሆነ፣ አንድን ነገር መርዝ እንዳይሆን የሚያደርገው መጠኑ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የመርዝ ሳይንስ እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን፣ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ መርዙ «ጊፍት»፣ መጠኑ ደግሞ «ዶሲስ» መባሉ ነው። ሁለቱም «መስጠት» ማለት ናቸው፤ አንዱ ጀርመንኛ፣ ሌላው ግሪክኛ። የተዋሰው ቃል ንጹሕ ሆኖ ቀረ፤ የአገሩ ቃል ግን ጠቆረ።

ጀርማናዊዎቹ ከዚያ በፊት ለመርዝ ስም አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው። በጥንታዊው የሰሜን ቋንቋ «ኤይትር»፣ በጥንታዊው ጀርመንኛ «አይታር»፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «አቶር» ይባል ነበር፤ የማያሻማ፣ ለማንም የማያደላ ስም። «ጊፍት» ሲመጣ ያ አሮጌ ስም ቦታውን ለቀቀ። በጀርመን «አይተር» ዛሬ ከቁስል የሚወጣ መግል ነው። በስዊድን «ኤተር» የእባብና የመሰሉት መርዝ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ቃሉ ከነአካቴው ጠፍቶ፣ በአንዳንድ የገጠር አነጋገሮች ሸረሪትን በሚጠራ አንድ ስም ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ለስላሳው ቃል ጠንካራውን አስወጣው፤ ካስወጣው በኋላም ለስላሳነቱ አልቆየለትም። በዚህ ምክንያት የጨዋ ቃል ሁልጊዜ ብድር ነው። «አረፈ» የሚለው የአማርኛ ቃል ስንት ሰው ሲሞት እንደተነገረ ያሰበ፣ አንድ ሰው ከድካሙ «ዐረፍ አለ» ለማለት ሲፈልግ ለምን ጠንቀቅ እንደሚል ያውቃል።

ይህን ሁሉ ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ አሁን ወደ ራሱ ቤት ሊመለስ ይገባዋል። አይጥን ለመግደል ከሱቅ የሚገዛውን ነገር ምን ብሎ ይጠራዋል? «የአይጥ መርዝ» የሚል አለ። አብዛኛው ሰው ግን «የአይጥ መድኃኒት» ይላል። «የበረሮ መድኃኒት»፣ «የትንኝ መድኃኒት»፣ በእህል ጎተራ «የነቀዝ መድኃኒት»፣ በእርሻው ላይ በጅምላ «መድኃኒት መርጨት» ይባላል። «መድኃኒት» ግን ዳነ ከሚለው፣ ከግዕዙ «ድኅነ» የወጣ ነው፤ የመድኃኔ ዓለም ስም የተገኘበት ሥር ነው። ድኅነትን የሚናገር ቃል ደም እንዳይረጋ አድርጎ አይጥን በሚገድል ፍሬ ላይ ተለጥፏል። ጀርመናዊው በአይጥ መርዙ ላይ «የአይጥ ስጦታ» ብሎ ይጽፋል፤ ኢትዮጵያዊው «የአይጥ መድኃኒት» ይላል። ሁለቱም አይጧን በጨዋ ቃል ያታልላሉ።

አማርኛ ከዚህም አልፎ ሄዷል። «መድኃኒት አበሉት»፣ «መድኃኒት አደረጉበት» ሲባል የሚሰማ ሰው ስለ ሕክምና እንደማይወራ ያውቃል፤ የሚወራው ስለ መርዝ ወይም ስለ ድግምት ነው፤ አንዳንዴም ባልን ለማስወደድ ስለተሰጠ ነገር ነው። ይህም ቢሆን የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። «ፋርማሲ» የሚለው ስም የወጣበት የግሪክ ቃል «ፋርማኮን» መድኃኒት፣ መርዝና ድግምት ማለት ነበር። በላቲን መርዝ የሆነው «ቬኔኑም» ከፍቅር አምላክ ከቬኑስ ስም ጋር የተዛመደ፣ መነሻው የማስወደጃ መጠጥ ማለት የነበረ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ፖይዝን» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «መጠጥ» የመጣ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በዐረብኛ መርዝ ማለት የሆነው «ሰም» በእስራኤል በዕብራይስጥ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ በጥንቱ ዕብራይስጥ ደግሞ የሽቱ ቅመም ነበር። የሰው ልጅ በየትም ቢሆን መርዝን በቀጥታ ከመጥራት ዞሮ መሄድን መርጧል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ያደረገውን አማርኛ ቢያደርገው ምን ችግር አለው? ችግሩ ያለው በጊዜው ላይ ነው። በጀርመንኛ የ«ጊፍት» ሽፋን ካለቀ መቶ ዓመታት አልፈውታል፤ ቃሉ ዛሬ በጀርመን ልጅ ጆሮ ሲገባ የሚያስፈራ፣ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። የአማርኛው «መድኃኒት» ግን ሽፋኑ ገና አልተቀደደም። ያው አንድ ቃል በጠዋት ለታመመ ልጅ የሚሰጠውን ሽሮፕ፣ በማታ በማእድ ቤት ጥግ ለአይጥ የሚበተነውን ፍሬ ይጠራል። አዋቂ ሰው ልዩነቱን ከአውዱ ያውቃል። ሕፃን አያውቅም።

በውጭ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሙኒክ ወይም በሚኒያፖሊስ የተወለደ ሕፃን አማርኛን የሚሰማው ከቤተሰቡ አፍ ብቻ ነው፤ ቃላቱ በጣት የሚቆጠሩ፣ ፍቺያቸውም አንድ አንድ ነው። ለእርሱ «መድኃኒት» ትኩሳት ሲይዘው እናቱ በማንኪያ የምትሰጠው፣ ባይጥመውም የሚያድነው ነገር ነው። ከአገር ቤት የመጡ አያት በምድር ቤቱ ያለውን ባለ ቀለም ፍሬ አይተው «ተወው ልጄ፣ መድኃኒት ነው» ቢሉት፣ ያስጠነቀቁት ይመስላቸዋል። እርሱ የሰማው ግን ሌላ ነው። አያቱ በሣጥኑ ላይ ያለውን የጀርመንኛ ቃል በእንግሊዝኛ ያነበቡት ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዱን መርዝ ስጦታና መድኃኒት ብለው ተረድተውታል ማለት ነው።

አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ድንበር እውነትም ቀጭን ነው። ዋርፋሪን የዚህ ዋነኛ ምስክር ነው። በአሜሪካና በካናዳ የተበላሸ የከብት ሣር የበሉ ላሞች ደማቸው ሳይረጋ ፈስሶ ይሞቱ ነበር፤ የዊስከንሲን ዩኒቨርሲቲው ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ፈልገው ንጥረ ነገሩን አገኙት። ከዚያ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ገባ፤ በ1954 ለሰው ሕክምና ተፈቀደ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር የልብ ሕመም ሲያጋጥማቸው በዋርፋሪን ታከሙ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የደም መርጋት ያሠጋቸው ብዙ ሕሙማን ይወስዱታል። እንግዲህ «የአይጥ መድኃኒት» የሚለው አነጋገር ከዚህ አንጻር ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል። ለገበሬውም ቢሆን የሚረጨው ነገር ለሰብሉ ፈውስ ነው፤ መድኃኒት ቢለው ከእርሱ ወገን ሆኖ እውነት ተናግሯል።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ተቃውሞው አያሳምንም። ዋርፋሪን መድኃኒት የሆነው ሐኪም መጠኑን ስለለካው፣ የደሙን ሁኔታ በየጊዜው ስለመረመረ፣ ማርከሻውም ቫይታሚን ኬ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። በጥግ የተበተነው ፍሬ ይህ ሁሉ የለውም። ከዚያ ወገን የሆኑት የአይጥ መርዞች ሌላም ተንኰል አላቸው፤ ጉዳታቸው ወዲያው አይታይም። የበላው ልጅ አንድና ሁለት ቀን ጤነኛ መስሎ ሊጫወት ይችላል፤ የደም መፍሰሱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም። በገበያ ላይ ያሉት ሁሉም ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም። ዚንክ ፎስፋይድ ያለባቸው የአይጥ መርዞችና በአሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚሠሩት የነቀዝ እንክብሎች ከእርጥበትና ከሆድ አሲድ ጋር ሲገናኙ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣሉ፤ ለዚህ ጋዝ የተለየ ማርከሻ የለም። ማርከሻ የሌለውን ነገር «መድኃኒት» ብሎ መጥራት ከቋንቋ ውበት ጉዳይ ያልፋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ችግር በሕግ ለመያዝ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኬሚካል መለያ ደንብ አጣዳፊ መርዝነት ያላቸው ነገሮች በቀይ ድንበር በተከበበ ነጭ ሜዳ ላይ የራስ ቅልና የተጣመሩ አጥንቶች ሥዕል እንዲለጠፍባቸው፣ ጽሑፉም ዕቃው በሚሸጥበት አገር ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። በዚያ ጽሑፍ ላይ በጀርመን፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በሆላንድ ሣጥኖች ሁሉ ከእኛው ቃል የተገኘ አንድ ቅጽል ይነበባል፤ በጀርመን «ጊፍቲኽ»፣ በየጎረቤቱም በትንሽ የድምፅ ልዩነት፣ ፍቺው «መርዛማ» ነው። በስዊድንና በኖርዌይ ስለ መርዝ ምክር የሚሰጠው የሕዝብ ተቋም ስምም በዚሁ ቃል ይጀምራል። ይህን ቃል ማወቅ ለአዲስ መጥ ቤተሰብ ከሰላምታ ቃላት ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የሚሠራው የአደጋ ጥሪ 112 ከሚለው ቁጥር ጋር። የቋንቋ መምህራን ቀልዱን ይቀጥሉበት፤ ነገር ግን ከቀልዱ በኋላ ሣጥኑን ለተማሪዎቻቸው ያሳዩ።

በአማርኛ በኩል ሥራው የሚጀምረው ከጸሐፊዎችና ከተርጓሚዎች ነው። ኬሚካል አስመጪ ድርጅቶች የአማርኛ መግለጫ ሲያዘጋጁ፣ የመገናኛ ብዙኃን ስለ አንበጣ ወይም ስለ ተምች ርጭት ሲዘግቡ፣ በውጭ የሚገኙ የማኅበረሰብ ማዕከላት ለወላጆች ወረቀት ሲበትኑ፣ «መድኃኒት» ብለው የሚጽፉት ከልማድ እንጂ ቃል ጠፍቶባቸው አይደለም። «መርዝ» አጭር ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ፍቺም የለውም። «ፀረ ተባይ ኬሚካል» የሚለው ቢረዝምም ቢያንስ አያድንም ብሎ አይዋሽም። ቋንቋ በአዋጅ አይለወጥም የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ገበሬው ነገም «መድኃኒት ረጨሁ» ማለቱን አይተውም፣ እንዲተውም ማስገደድ አይቻልም። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ግን የገበሬው አነጋገር አይደለም፤ አንድ ሰው በቢሮ ተቀምጦ የመረጠው ቃል ነው። ያ ሰው መምረጥ ይችላል።

ስሙን ሳይለውጥ የቆየ መርዝም በዚያው ቤተሰብ ውስጥ አለ። አይስላንድ ከአህጉሩ ርቃ ስለቀረች የጀርመን ነጋዴዎች ያመጡት አዲስ ፍቺ በቋንቋዋ ሥር አልሰደደም። በዚያች ደሴት «ጊፍታ» ዛሬም መልካም ዕድል ማለት ነው፤ ያገባች ሴት «ጊፍት» ናት። በአይጥ ሣጥን ላይ ግን የተጻፈው ቫይኪንጎቹ ይሉት የነበረው አሮጌ ስም ነው፤ «ሮቱኤይቱር»፣ የአይጥ መርዝ።